ጆሮና ፍርድ

አንድ ሰው የሌላውን ሰው ድምፅ የማረም፣ የማጉላትና የማሳነስ ሥልጣን ሲሰጠው ግዴታው ምንድን ነው? ጥያቄው ለዳኛ ወይም ለጋዜጣ አዘጋጅ የሚቀርብ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በመኖሪያ ቤቱ ጓዳ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክራፎንና ሁለት ድምፅ ማጉያ አቀናጅቶ ዘፈን የሚሠራ ወጣት ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በየሌሊቱ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ባለሙያዎች ሚክሲንግ የሚሉት ሥራ ለየብቻ የተቀረጹትን ድምፆች፣ ማለትም የድምፃዊውን፣ የክራሩን፣ የማሲንቆውን፣ የከበሮውንና የቤዝ ጊታሩን ድምፅ፣ ወደ አንድ ዘፈን ማዋሐድ ነው። ማን ከፊት ይቁም፣ ማን ከኋላ ይሁን፣ የማን ድምፅ ይለዝብ፣ የማን ይሳል የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ሚክሲንግ ከቴክኒክነቱ ባሻገር የዳኝነት ሥራ ነው። በቤት ስቱዲዮ ተደጋግመው የሚታዩት ስሕተቶችም ሲመረመሩ፣ ከመሣሪያ ማነስ ይልቅ ከፍርድ መጓደል የሚመነጩ ሆነው ይገኛሉ።

ቀደም ባለው ዘመን ይህ ዳኝነት የብዙ ሰው ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም በጀመረበት ጊዜ፣ አንድ ዘፈን ሲቀረጽ ድምፃዊው፣ አቀናባሪው፣ የባንዱ አባላትና የቀረጻው ባለሙያ በአብዛኛው በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኙ ነበር። ከበሮው ድምፃዊውን ቢሸፍን ድምፃዊው አቤት ይላል፤ ሳክስፎኑ ቢበዛ አቀናባሪው ይገሥጻል። የቤት ስቱዲዮ ይህን ጉባኤ በትኖታል። ደራሲው፣ ተጫዋቹ፣ ቀራጩና አዋሃጁ አንድ ሰው ሆነዋል፤ ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም እርሱ ነው። ለውጡ በረከት እንዳለው አይካድም። ገንዘብ የሌለው ከያኒ የሰው ደጅ ሳይጠና ሥራውን ለሕዝብ እንዲያደርስ አስችሎታል። ነገር ግን ብቻውን የሚፈርድ ዳኛ ከማንም ይበልጥ ራሱን መጠራጠር ይኖርበታል።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። አባባሉ ሰው ስለራሱ የሚወራውን እንደማይሰማ ለመግለጽ የተነገረ ቢሆንም፣ ለድምፅ አዋሃጅ ቃል በቃል እውነት ነው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ለወፍራም፣ ለመካከለኛና ለቀጭን ድምፆች ያለው ንቃት እኩል አይደለም፤ ልዩነቱም እንደ ድምፁ ጉልበት ይለዋወጣል። ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ነው። ስለሆነም ማጉያውን አጩኾ የሚሠራ ሰው ቤዙ የበቃ ይመስለዋል፤ በማግስቱ ሌላው ሰው ዝግ አድርጎ ሲያዳምጠው ዘፈኑ አጥንቱ የወጣ ሥጋ ይሆንበታል። የጆሮ ድካምም የዚሁ ችግር ሌላ ገጽታ ነው። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም በሥራ ቦታ ለ85 ዴሲቤል ድምፅ የሚፈቅደው ጊዜ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለ94 ዴሲቤል የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። የደከመ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ ማጣት ስለሚጀምር፣ ባለቤቱ ጉድለቱ የዘፈኑ መስሎት ቀጭኑን ይጨምራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተሠራ ሚክስ ጠዋት ጆሮ የሚወጋው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍሉም ሐሰተኛ ምስክር ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ትይዩ ግድግዳዎቹ በ3 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር በሚራራቁበት ክፍል ውስጥ 50 ኸርዝ የሆነው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተመላልሶ ይቆማል፤ በግድግዳዎቹ አጠገብ ያለ ልኩ ሲያብጥ፣ በመካከል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ሊጠፋ ይችላል። በመካከል የተቀመጠው ወጣት የቤዝ እጥረት አለ ብሎ ይጨምራል። ዘፈኑ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ግን በሩን ያንቀጠቅጣል። ያልተፈጸመ በደል ታርሟል ማለት ነው። በግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍም የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም ለዚህ ችግር አይጠቅምም፤ ወፍራሙ ድምፅ ካርቶኑን ሳይቆጥረው ያልፋል። በጥቅጥቅ ያለ ወፍራም ፍራሽ በማዕዘን ላይ ማቆም፣ ወንበሩን ከክፍሉ እኩሌታ ፈቀቅ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሚገባ የሚያውቋቸውን የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች በዚያው ክፍል ደጋግሞ በመስማት ክፍሉ የት የት እንደሚዋሽ መለየት ይሻላል። ምስክሩን መለወጥ ባይቻል ጠባዩን ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ታላቅ ስሕተት ጉልበትን ከእውነት ጋር ማምታታት ነው። አንድ ዓይነት ቅጂ ሁለት ጊዜ ቢሰማና አንዱ በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል ቢበልጥ፣ አድማጭ የሚበልጠውን «ይህኛው ይሻላል» ማለቱ የተለመደ ነው። አዋሃጁ ኢኳላይዘር ወይም ኮምፕሬሰር በጨመረ ቁጥር ድምፁ ትንሽ ስለሚጎላ፣ ያደረገው ለውጥ ሁሉ መሻሻል ይመስለዋል። ክራሩ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ድምፃዊው ያንስና ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከበሮው። በመጨረሻ ሁሉም ይጮኻል፤ ማንም አይሰማም። ዘፈኑን በሊሚተር እስከ ጣሪያ ማስጮኹም ዛሬ ጥቅሙ አንሷል። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 የስርጭት ድምፅ በአማካይ ጉልህነት እንዲለካ የሚያደርግ ደንብ አውጥቷል፤ ስፖቲፋይም በመደበኛ አሠራሩ ዘፈኖችን ወደ −14 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ. ያስተካክላል። ተጨፍልቆ የጎላው ዘፈን እዚያ ሲደርስ ዝቅ ይደረጋል፤ መጨፍለቁ ግን አብሮት ይቀራል። የከበሮው ምት ስለት፣ የድምፃዊው ትንፋሽ መውጣትና መውረድ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ሦስተኛው ስሕተት እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው መዳኘት ነው። የሶሎውን ቁልፍ ተጭኖ ክራሩን ለብቻው አስውቦ፣ ቤዙንም ለብቻው አደልቦ፣ ማሲንቆውንም ለብቻው አስጊጦ የሚሠራ ሰው፣ ሁሉም በአንድነት ሲሰሙ ለምን እንደሚተራመሱ ግራ ይገባዋል። በአንድ የድምፅ ክልል የሚገኙ ሁለት ድምፆች እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። መፍትሔው የተሸፈነውን ከማስጮኽ ይልቅ ከሸፋኙ ላይ ጥቂት መቀነስ ነው። ለብቻው ሲሰማ ቀጠን ያለ ክራር በዘፈኑ መካከል ጥርት ብሎ ሊቆም ይችላል። በድምፆች መካከል እኩልነት ሁሉም እኩል ይጩኹ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ይሰማ ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ከባድ ክብደት አለው። አማርኛ ፊደሉ ሳይለወጥ በመጥበቅና በመላላት ብቻ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ቅኔው፣ ሰሙና ወርቁ፣ ኅብረ ቃሉ የሚቆመው በዚህ ቀጭን ልዩነት ላይ ነው። እንግዲህ ሪቨርብ ያለ ልክ ተጨምሮ የአንዱ ቃል ጭራ በሌላው ቃል አናት ላይ ሲያርፍ፣ ወይም ኮምፕሬሰር የተናባቢውን ምት ሲያደበዝዝ፣ የሚጠፋው የድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ግጥሙ ነው። የደከመ አዘፋፈንን በማሚቶ መሸፈን ቅርጹን ለማዳን ይዘቱን መስጠት ይሆናል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ ጠንካራውን የግብረ ገብ ጥያቄ የሚያስነሣው ግን የማረም ስሕተት ነው። ቀድሞ በነዳጅ ፍለጋ ሥራ የከርሰ ምድር ሞገዶችን ይተነትን የነበረው አንዲ ሂልደብራንድ የፈለሰፈው ኦቶቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ቀርቧል። መሣሪያው በተለመደው አሠራሩ የድምፃዊውን ድምፅ ኦክታቩ በ12 እኩል እርከኖች ከተከፈለበት ሥርዓት ወደ ቅርቡ እርከን ይስባል። የማሲንቆ መቺ ጣት ግን የፒያኖ ቁልፍ የለበትም። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚጫወት ባለሙያ የሚያወጣው ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል፤ በትዝታ የሚያንጎራጉር ድምፃዊም ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው የሚንሸራተትበት ቅላጼ የዘፈኑ ነፍስ ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል። ለአንድ ሰዓት ተጫውቶ አበሉን ተቀብሎ የሄደ ማሲንቆ መቺ፣ እርሱ በሌለበት ጣቱ ሲታረም አያውቅም፤ ይግባኝም የለውም። ዘፈኑ ሲወጣ በስሙ የሚሰማው የሌላ ሰው ጆሮ ነው።

በገና ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የበገና አሥር አውታሮች በብርኩማው ላይ ሲያልፉ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገቡባቸዋል፤ መሣሪያው እንደ ንብ ቀፎ የሚነዝረው በእነርሱ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ማይክራፎን ገመድ የሚገባው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታም ይነዝራል። ድምፅ የሚያጠራ ፕሮግራም አንደኛው የጥበብ ሥራ፣ ሁለተኛው የገመድ ብልሽት መሆኑን አያውቅም። እንዝራው በፍልስፍናም ሆነ በፊዚክስ በራሱ «ንጹሕ» አይደለም፤ ንጹሕ የሚያደርገው ሆን ብሎ ያስገባው ሰው ዕውቀትና የትውፊቱ ፈቃድ ነው። ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ነገር ነው፤ ምን ድምፅ፣ ምን ሁካታ እንደሆነ የሚወስነው የመሣሪያው ሜትር ሳይሆን የአዋሃጁ ባህላዊ ዕውቀት ነው። በገና ሲደረደር ሰምቶ የማያውቅ ጆሮ፣ ውድ መሣሪያ ቢሰጠውም፣ በገናውን አጥርቶ ይገድለዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሙዚቃ ከመነሻው የሰው ሥሪት ነው፤ ማይክራፎን ራሱ ይመርጣል፤ ሸክላውም ካሴቱም የየራሳቸውን ቀለም ቀብተዋል፤ ታዲያ ለየትኛው እውነት ታማኝ ይሆኗል? የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ኦቶቱን ሆን ተብሎ እንደ ቀለም ሊሠራበት ይችላል፤ ሻካራነትም በራሱ በጎነት አይደለም፤ የጎረቤት ጄኔሬተር በዘፈን ውስጥ መቅረቱ ለማንም ታማኝነት አይሆንም። ልዩነቱ ያለው በምርጫና በመሸፋፈን መካከል ነው። ምርጫ የሚባለው ፊተኛውንና ኋለኛውን በእኩል ጉልህነት ጎን ለጎን ሰምቶ፣ የሚቻል ሲሆንም ባለድምፁ ባለበት፣ የተወሰነ ነው። ባለድምፁ ቢሰማው የሚያፍርበት፣ ወይም ጉልህነቱ ሲስተካከል ውበቱ የሚጠፋ ለውጥ ምርጫ ሊባል አይችልም። አድማጩ ይህን ይወዳል የሚለውም መከራከሪያ የሚጸናው ለአድማጩ ሌላው ቀርቦለት እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ለቤት ስቱዲዮ ሠራተኛ የሚሰጠው የቴክኒክ ምክርና የግብረ ገብ ምክር አንድ ሆኖ ይገኛል። ድምፅን ዝግ አድርጎ መሥራት፤ በየሰዓቱ ጆሮን ማሳረፍ፤ ያደረጉትን ለውጥ ጉልህነቱን አስተካክሎ ካልተለወጠው ጋር ማነጻጸር፤ ዓይን በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የሚያየውን ሥዕል ጆሮ ሳያጸድቀው አለመቀበል፤ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ለውጦ ተቃራኒ የሆኑ ሞገዶች ተጠፋፍተው እንደሆነ መመርመር፤ በስልክ፣ በታክሲ፣ በሻይ ቤት ድምፅ ማጉያ ማዳመጥ፤ አንድ ሌሊት አሳድሮ ጠዋት እንደ ባዳ መስማት። እነዚህ ሁሉ የዳኛውን ሥልጣን የሚገድቡ ልጓሞች ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን የተበተነውን ጉባኤ በትንሹም ቢሆን መልሶ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ማሲንቆ መቺው ሥራው ከመውጣቱ በፊት ይጠራ፤ ግጥሙን የማያውቅ አንድ ሰው ይቀመጥና የሰማውን ቃል ይድገም። ቃሉን ስቶ ከደገመው ወይም ማሲንቆ መቺው «ይህ የእኔ ጣት አይደለም» ካለ፣ ፋይሉ እንደገና ይከፈት።