ከሩቅ የሚያይ ዐይን ዕዳ

በ1953 ዓ.ም. ዩሪ ጋጋሪን ምድርን በዞረ ጊዜ የልቡ ምትና አተነፋፈሱ በራዲዮ እየተላለፈ ምድር ላይ ባሉ ሐኪሞች ይነበብ ነበር። ያን አንድ ልብ የሚጠብቀው ግን መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ሲወርድ ፈጥኖ የሚያነሣው የፍለጋ ጓድም ተዘጋጅቶ ነበር።

ዛሬ ያው ጥበብ ከኪስ ስልክ ገብቷል። የሕመምተኛው የደም ግፊትና የስኳር መጠን ከቤቱ ተነሥቶ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል። በኢትዮጵያም በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሳተላይት ከሕንድ ሐኪሞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ታዲያ ከሩቅ የሚያይ ሰው ላየው ነገር ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄው ከከተማ ርቆ በጋይንት ምድር ይታሰብ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን አሰማርቷል። ከእነዚህ አንዷ ከቤተ ልሔም ወዲያ ባለ ጎጥ የአንዲት ነፍሰ ጡርን ደም ግፊት ለክታ 160 በ110 አነበበች ይባል። ቁጥሩ በቅጽበት ደብረ ታቦር ይደርሳል። ሴቲቱ ግን አትደርስም፤ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ቃሬዛው የሰው ትከሻ ይጠብቃል። ድሮ «አልሰማንም» ማለት ይቻል ነበር። አሁን ግን ቁጥሩ ከጠረጴዛ ላይ በርቶ ይታያል፤ ምክንያቱ ተወስዷል።

ቤተ ልሔም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። የድጓ ማስመስከሪያ ናትና ሌላ አገር የተማረው ሁሉ ለመመስከር ወደዚያ ይወጣል። መምህሩ ስሕተት ሰምቶ ዝም አይልም፤ ዜማው እስኪቃና ያርማል። በዚያ ጉባኤ መስማት ማለት ኀላፊነት መግባት ነው።

መሣሪያውም ቢሆን ፍጹም ምስክር አይደለም። በጣት ጫፍ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ካለው አብልጦ ሊያሳይ እንደሚችል በ2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አስረድቷል። በማን ጣት ተሞክሮ ተሠራ? (ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያሻው ጉዳይ ነው።)

ሊደርሱለት የማይችሉትን መለካት ምን ይጠቅማል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ክርክሩ የሚረታው ቁጥሩ ዘግይቶ ሲነበብ ብቻ ነው። ያችው ሴት ከሳምንታት በፊት 140 በ90 በተነበበባት ጊዜ፣ ወንዙ ገና ሳይሞላ፣ በእግሯ ሄዳ ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ልትገባ ትችል ነበር፤ ያን ቀን ቁጥሩን አይቶ «ተነሺ» የሚላት ሰው ከተገኘ።