ዋስ ያጣ ጠባቂ

ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ፣ ገና ወገግ ሲል፣ አንዲት ቆብ የደፉ መነኩሲት ለመሳለም ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ዓለቱን ሳይነካ ከጎናቸው ተጋድሞ የነበረ ቡላ ውሻ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ወትፎ ቁልቁል ሮጠ። የነካው አልነበረም። መነኩሲቷም ልብ አላሉትም። ውሻው ግን ከቡችላነቱ ጀምሮ የተማረው ትምህርት አለ፤ ሰው ወደ መሬት ካጎነበሰ ድንጋይ ሊያነሣ ነው። ሰው ለሌላ ነገርም እንደሚያጎነብስ ያስረዳው የለም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ውሾች በደል ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ያ ሩጫ ትዝ ይለኛል። ስለ ጭካኔ ስንናገር የምንቆጥረው ቁስሉን፣ ስብራቱን፣ መርዙን ነው። ይህ ውሻ አንድም ቁስል አይታይበትም። ስለ እኛ ያለው እውቀት ግን በአንድ ጉንበሳ ያልቃል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አልተሳሳተም።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከነፍሳት ምስክርነት ነው። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ ላሊበላ አለችው ይላል ትውፊቱ። ንብ ለሰው መሰከረች፤ ምስክርነቷም የአገር ስም ሆኖ ቀረ። ሰው ለእንስሳ ሲመሰክርስ ምን ይባላል?

አማርኛ «ጠበቃ» ይለን ይሆናል። ጠባቂና ጠበቃ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። በላስታ ደጋ ሌሊቱን ሙሉ በረት ዙሪያ ሲጮኽ የሚያድረው፣ ጅብን ከበግ የሚያርቀው፣ ጠባቂ ነው። ጠበቃ ግን የለውም። አፍ የለው፣ ምን ይበል? ተረትና ምሳሌያችንም አያደላለትም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ታማኝነቱን እንኳ የሆድ ጉዳይ አድርገንበት። ሁሉም የሚያባርረውን ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ሆነ እንለዋለን። (የግእዙ «ከልብ» ውሻ መሆኑ፣ የአማርኛው «ከልብ» ደግሞ ሌላ መሆኑ ለባለቅኔ የተተወ ሰምና ወርቅ ነው፤ እኔ አልደፍረውም።)

ይህን ሐሳብ ቅዳሜ ገበያ ላይ በግ ሊሸጡ ለወረዱ አንድ አባት አጫወትኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስክጨርስ አዳመጡኝ። «ልጄ፣ ያ የምትናገርለት ውሻ ልጄን የነከሰ ቀን አንተ የት ነህ?» አሉኝ። ዝም ስል ጊዜ በግ በጉን እያዩ ጨመሩበት፤ «ጠበቃ ከሆንከውማ ዋስም ሁነው።»

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በሽታው ከሚይዛቸው መቶ ሰዎች ዘጠና ዘጠኙን ያህል የሚያስይዛቸው ውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። እኛ አገር ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን የተነከሰ ሰው ተስፋው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ተከታትሎ የሚወጋ መርፌ ነበር። ልጁን አዝሎ ከደጋው ለመርፌ የሚወርድን አባት መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ ውሻ ክብር ማውራት፣ ከጭካኔ የማይሻል ድፍረት ነው።

ከዚህ ፍርሃት የተወለደውን መፍትሔ ግን አዲስ አበባ ላይ አይተነዋል። ስትሪክኒን የተባለ መርዝ የገባበት ሥጋ በሌሊት ይጣል ነበር፤ ጠዋት ሬሳው ይለቀም ነበር። ስትሪክኒን አያስተኛም። ጡንቻን እያኮማተረ፣ አእምሮን ሳያደነዝዝ፣ ትንፋሽ አሳጥቶ ነው የሚገድለው። ይህን የተቃወሙ ዜጎች ነበሩ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሠሩ የነበሩት ሃና ክፍሌና ኤፍሬም ለገሰ ቤት አልባ እንስሳትን የሚታደግ ማኅበር መሥርተው፣ በመርዝም በጥይትም ከመግደል ይልቅ መከተብና ማምከን ይሻላል ብለው ተሟግተዋል። ሙግታቸው በአዘኔታ ብቻ የቆመ አልነበረም። ግድያ በሽታውን አያቆመውም፤ በሞቱት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይፈለፈላሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ። ከመቶ ሰባው ያህል ውሻ ሲከተብ ነው ሰንሰለቱ የሚበጠሰው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2030 ከውሻ በሚመጣ እብደት የሚሞት ሰው እንዳይኖር ያቀደው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ቀና ብሎ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ማየት ይገባል። ከላሊበላ በላይ፣ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እዚህም ቢሆን በየተራራው ያለው ሁሉ ቢቆጠር ወደ 500 ገደማ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ የዌብ ሸለቆ ከውሻ የተጋባ እብደት ቀበሮዎቹን ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ በቀበሮ አገር ውሻ ይከተባል። ለማን ተብሎ? ለቀበሮው። በከተማስ? ለሰው። ውሻው የሚድነው ሁልጊዜ በጎረቤት ስም ነው። ክትባቱን አልጠላሁትም፤ በማን ስም ተወጋ ብሎ ውሻው አይጠይቅም። አስተሳሰቡ ግን ይከነክነኛል። አንዱ ብርቅ ስለሆነ ይከበራል፣ ሌላው ብዙ ስለሆነ ይናቃል። ውሾች ሚሊዮን ስለሆኑ የአንዱ ውሻ ሕመም ለሚሊዮን አይካፈልም። ጎድኑ የተሰበረው ውሻ የሚያመው ሙሉውን ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት፣ ማገልገል ያቃተውን ውሻውን የሚገድል ሰው የሚጎዳው የገዛ ሰብአዊነቱን ነው፤ በውሻው ላይ ግን ግዴታ አላጓደለም ብሎ አስተምሯል። እናቶቻችንም ድንጋይ የጨበጠ ልጅ ሲያዩ «ተው፣ ክፉ ትለምዳለህ» ይላሉ። መልካም ምክር ነው፤ ልጁን ይመልሰዋል። ነገር ግን ውሻውን የጠባይ መለማመጃ ያደርገዋል። ድንጋዩ ያረፈው ጎድን ላይ ሆኖ ሳለ እኛ የምንመረምረው የወርዋሪውን ነፍስ ነው።

ወሎ ከካንት የጠለቀ ነገር ያውቃል። እመቤታችን በልጅነቷ በውኃ ጥም የሚያለከልክ ውሻ አይታ በወርቅ ጫማዋ ቀድታ አጠጣችው ይባላል፤ ታሪኩ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለውን ሙስሊም ጎረቤት ብትጠይቁት ደግሞ ከሐዲስ የሰማውን ይነግራችኋል። አንዲት በኃጢአቷ የታወቀች ሴት ጉድጓድ አፍ ላይ በጥም ሊሞት የደረሰ ውሻ አየች፤ ጫማዋን አውልቃ በመጎናጸፊያዋ አሥራ ውኃ ቀዳችለት፤ አላህም ማራት። ሁለቱም እምነቶች ውሻን ከአምልኮ ቤታቸው ያርቁታል። ሁለቱም ጫማን ከደጅ ያስቀራሉ። ምሕረትን ያስተማሩት ግን ደጅ በቀሩት በእነዚህ በሁለቱ ነው። ሕያው ውሻ ቅጥሩን ከረገጠ ይባረራል፤ የተሣለው ውሻ ከውስጥ ገና እየጠጣ ነው።

ይህን ግብዝነት የሚሉት አሉ። እኔ አይመስለኝም። ርኩስ መባሉ የት መቆም እንደሌለበት ይናገራል፤ ምን ሊደረግበት እንደሚገባ አይናገርም። ከደጅ መልስ የሚለው ሥርዓት ጎድኑን ስበር አላለም። ሁለቱን ያቀላቀልነው እኛ ነን፤ ሲመቸን።

ጫማው ላይ ትንሽ እንቆይ። ሁለቱም ሴቶች ስለ ውሻው አልተናገሩም፤ ዲስኩር አላደረጉም። የሰጡት ከእግራቸው ያወለቁትን ነው። ሲመለሱ እግራቸው ረጥቦ ይሆናል። የገበያው አባት «ዋስ ሁነው» ሲሉኝ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፤ ከራስህ ምን ታስይዛለህ?

ዋስትና የአገራችን የቆየ ጥበብ ነው። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር፤ ከቁራኛው የሚፈታህ ዋስ ነው። ጠበቃ ቢረታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋስ ግን የቆመለት ሰው ጥፋት በራሱ ላይ ይመጣል። ሰውና ውሻ ከሥልጣኔ በፊት ጀምሮ ቁራኛ ናቸው፤ ማን ማንን እንደከሰሰ እንኳ ተረስቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ማወቅ ባይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ እንስሳትን ማሠቃየትን ከደንብ መተላለፎች ተርታ አስገብቶ ይቀጣል። ሕጉ የሚፈልገው ታዲያ ባለቤት ነው፤ እኛ ጋ የሚጠፋው ደግሞ ባለቤቱ ነው። በረት ሲጠብቅ «የኔ ውሻ»፣ የነከሰ ዕለት «የማን እንደሆነ እንጃ»።

ስለዚህ ለውሻ የሚሟገተውን ሰው ከአዋጅ ነጋሪዎች መካከል አልፈልገውም። ክትባት መጣ ሲባል ውሻውን በገመድ ስቦ የሚወርደውን፣ ሴት ቡችሎችን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ወንዝ ዳር የማይጥለውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከነከሰ በኋላ «የኔ ነው» የሚለውን እፈልጋለሁ። ያንን የሚል ሰው ድንጋይ ወርዋሪውን ልጅ ሲቆጣ ይሰማል፤ የተነከሰው ልጅ አባትም ያዳምጠዋል። የኔ ንግግር ገበያ ላይ ያልተሰማው ይህ ስለጎደለው ነው። ባለቤት የሌለውስ? ለእሱ መልሴ አልተሟላም።

ያን ዕለት መነኩሲቷ ተሳልመው ሲጨርሱ ጠጋ አልኩ።

«እማሆይ፣ ውሻው የማን ነው?»

«የደጁ ነው፣ ልጄ።»

ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ቁራሽ ዳቦ ፈቱ። ቡላው ተመልሶ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ሊያስቀምጡለት ጎንበስ ሲሉ እንደገና ሸሸ። ትንሽ አሰቡና ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ቁራሹን ከእጃቸው ለቀቁት፣ ፊታቸውንም ወደ ዓለቱ አዞሩ።