ርኅራኄና ሙያ

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ያገራችን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ዐዋቂ ሰው ዕውቀቱን በየአደባባዩ አይነዛም ለማለት ነው። አባባሉን ገልብጠን ብናየው ግን ሌላ ጥያቄ ይወጣዋል፤ ልብ ብቻውንስ ሙያ ይሆናልን? ደግ ሰው ደግ በመሆኑ ብቻ የበጎ ሥራ ባለቤት ነውን? ጥያቄው ስለ ሐኪም ቢነሣ አያከራክርም፤ ቅን ስለ ሆነ ብቻ ሆዱን እንዲቀድለት የሚፈቅድ በሽተኛ የለምና። ስለ መምህርም እንዲሁ ነው። የተጣሉና የቆሰሉ እንስሳት የሚሰበሰቡበት መጠለያ ውስጥ ስለሚሠራ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ላይ ሁላችንም «ፍቅር ካለው ይበቃዋል» ባዮች ነን። ደመወዝ የሚከፈለውንም ሆነ በነጻ የሚያገለግለውን በጎ ፈቃደኛ ስለ ርኅራኄው እናመሰግነዋለን እንጂ ማን እንዳስተማረው አንጠይቀውም። ይህ ጽሑፍ አይበቃም የሚል ነው።

በብርድ የደነዘዘች፣ እናት የሌላት አንዲት የድመት ግልገል ከመንገድ ዳር ተገኘች እንበል። ያገኛት ሰው አንጀቱ ይላወሳል፤ ወዲያው ወተት አምጥቶ ይግታታል። ሥራው ከንጹሕ ርኅራኄ የመነጨ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ዳሩ ግን ገላዋ የቀዘቀዘ ግልገል ምግብ የመፍጨት አቅም የላትም፤ አስቀድሞ ቀስ ተብሎ መሞቅ አለባት። ሳትሞቅ የተጋተችው ወተት ሆዷ ውስጥ ረግቶ ይቀራል፤ ወይም ወደ ሳንባዋ ይገባል። የላም ወተቱም ራሱ ለድመት አይስማማም፤ ያስቀምጣታል። ሰውየው ሌሊቱን አጠገቧ ሲቆዝም አድሮ ጧት ሞታ ያገኛታል። ገዳይዋ ብርዱ ነው እያለ ይጽናናል፤ የሚነግረው ከሌለም በሚቀጥለው ወር ሌላዋን በዚያው መንገድ ይገድላታል።

ለሳምንታት እህል ላልቀመሰ ውሻ ድስት ሙሉ የሚያቀርበውም ሰው ከዚህ አይለይም። ረኀብ የጎዳው ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች ሚዛን ይናጋና ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «መጠለያ» የሚለው ቃል ራሱ ለወላጆቻችን ትውልድ የውሻና የድመት ቤት አልነበረም፤ የ1977 ዓ.ም.ን የቆረምና የባቲን ድንኳኖች የሚያስታውስ ቃል ነው። እዚያ የደከመውን ሕፃን በጥቂት በጥቂቱ፣ በሰዓት እየለኩ መመገብ ግዴታ ነበር። በረኀብተኛ ፊት ቆሞ ማንኪያውን መቈጠብ ጭካኔ ይመስላል፤ የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

ከዚህም የረቀቀው በዐይን የማይታየው አደጋ ነው። ፓርቮ የሚባለው የቡችሎች በሽታ ተሐዋሲ በአፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በልክ የተበጠበጠ በረኪና ግን ያጠፋዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡችሎች ሊያቅፍ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ከታመሙት ክፍል ወደ ጤነኞቹ በዚያው ጫማ ከተሻገረ ሞትን በእቅፉ ይዞ ይዞራል። የሠለጠነው ሠራተኛ መጥረጊያውን ይዞ ሥራውን ከጤነኞቹ ይጀምርና ከታመሙት ይጨርሳል። ያልሠለጠነው፣ ልቡ የሚስበው ወደሚያቃስተው ነውና፣ ከዚያ ይጀምራል። ልብ ብቻውን መሪ ሲሆን የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ይህ ጸሐፊ አላገኘም።

በዚህ ላይ ቀላል ያልሆነ ተቃውሞ ይነሣል። «ሥልጠና ሰውን ያደነድናል፤ በመመሪያ የተማሩት ርኅራኄ ርኅራኄ መሆኑ ቀርቶ የቢሮ ሥራ ይሆናል» ይባላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ በየሆስፒታሉ መስኮት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የቴአትር ሰዎች ይህን ክርክር ከዲድሮ ዘመን ጀምሮ ሲከራከሩት ኖረዋል። በልምምድ ላይ እውነተኛ እንባ የሚያነባ ወጣት ተዋናይ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል፤ እንባው እውነተኛ ነው፤ ድምፁ ግን ሦስተኛው ረድፍ አይደርስም። ተመልካቹ ስለ ገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ስለ ተዋናዩ ጤና ይጨነቃል። ድምፁን እንዲያወጣ፣ ትንፋሹን እንዲመጥን ስናስተምረው ስሜቱን ገደልንበት? አልገደልንበትም። ስሜቱ ከራሱ አልፎ ለሌላ ሰው እንዲደርስ መንገድ ከፈትንለት።

የእንስሳት መጠለያ ሥልጠና የመጀመሪያው ትምህርትም ይኸው ከራስ ማለፍ ነው። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መምጣት፣ ጎንበስ ብሎ በራስ ላይ እጅ መዘርጋት በሰው ዘንድ ፍቅር ነው፤ በፈራ ውሻ ዘንድ ዛቻ ነው። ጭራውን የሚቈላ ውሻ ሁሉ ደስ ያለው አይደለም። እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ ፊቱን አዙሮ የዐይኑን ነጭ የሚያሳይ ውሻ «እባክህ ራቀኝ» እያለ ነው። ያልተማረ አዛኝ ይህን አያነብም። ውሻው ፊት ሲቆም የሚያየው የራሱን ብቸኝነት፣ የራሱን የልጅነት ናፍቆት ነው፤ ከዚያም ሲነከስ «ውለታ ቢስ» ብሎ ያማርራል። እንግዲህ ርኅራኄ የሌላውን ሥቃይ ማየት ከሆነ፣ ይህ ሰው ገና አላየም። ሥልጠና የሚሰጠው ይህን ዐይን ነው። ርኅራኄውን ሊተካበት አይመጣም፤ ርኅራኄው ከመስተዋት ፊት ተነሥቶ ወደ እንስሳው እንዲዞር ያደርገዋል።

አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የከበደ ነገር ይጠይቃል፤ መውደድን እየወደዱ መሸሸግን። እ.ኤ.አ. በ2020 በስሜን ተራሮች አንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ በጥይት ተሰብሮ ተገኘ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው፣ ለአቅመ መራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጠው ይህ ፍጥረት በተራራው ላይ በተዘጋጀለት ጊዜያዊ መጠለያ ሃምሳ ቀን ያህል ሲታከም ቆይቶ ወደ ዱሩ ተመለሰ። ስሙን «ተረፈ» አሉት። እንዲህ ያለውን አውሬ የሚያስታምም ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው? ይመግበዋል፤ አያናግረውም። ቁስሉን ያያል፤ ጀርባውን አይደባብሰውም። እንስሳው ቢወደው የሥራው ክሽፈት ይሆናል፤ ሰው የለመደ ቀበሮ ለሚቀጥለው ጥይት ይቀርባልና።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ሆለታ አጠገብ ወዳለው «እንስሳ ኮቴ» ወደተባለው ማዕከል መሄድ ይቻላል። ለዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ገበያ ከእናታቸው ተነጥቀው በድብቅ ሲጓጓዙ የተያዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች እዚያ አድገዋል። በዶሎ ከተማ ለዓመታት በሰንሰለት ታስሮ የኖረ፣ በከተማዪቱም ስም የተጠራ አንበሳ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው እዚያው ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ዱር ሊመለሱ አይችሉም፤ በሰው እጅ ከጨቅላነቱ ያደገ አቦ ሸማኔ አደን የሚያስተምረው እናት አላገኘምና። ጠባቂው ታዲያ ከስሜኑ የተለየ ሙያ ያስፈልገዋል፤ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ቦታ፣ ሥርዐት ያለው ቀን፣ መሰልቸትን የሚከላከል ነገር ማዘጋጀት። ሁለቱም ሰዎች እንስሳ ወዳድ ናቸው። የአንዱ ትክክለኛ ሥራ በሌላው ቦታ ጥፋት ይሆን ነበር። የትኛው የት እንደሚሆን ፍቅር ራሱ ሊነግራቸው አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ሞት ነው። መጠለያ ሁሉ ውሎ አድሮ ሊድን የማይችል፣ ሥቃዩ የማይቃለል እንስሳ ይገባበታል። በሠለጠነ እጅ፣ ፔንቶባርቢታል በሚባለው መድኃኒት የሚሰጥ ሞት በሰኮንዶች ውስጥ ራስን የሚያስት እንቅልፍ ነው። ባልሠለጠነ እጅ ደግሞ ከተሞቻችን ለዘመናት ያዩት አለ፤ በሥጋ ላይ የሚበተነው የስትሪክኒን መርዝ። ውሻው ራሱን ሳይስት በግትርትር ይሞታል፤ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመንገድ ዳር ያዩታል። ሁለቱንም «ማስወገድ» ብለን በአንድ ቃል መጥራታችን የቋንቋችን ስንፍና ነው።

ይሁንና በሠለጠነውም እጅ ቢሆን፣ ሰኞ ያጎረሱትን ማክሰኞ የመግደል ሥራ ሰውን ይጎዳል። አሜሪካዊው ፈላስፋ በርናርድ ሮሊን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ጉዳት ከተራ የሥራ ድካም ለይቶ «የኅሊና ጫና» ብሎታል። ድካም በዕረፍት ይለቃል። ይህ ግን ሰው ወደ ሥራው የገባበት ምክንያትና በሥራው ላይ የሚያደርገው ነገር ሲፋለሱ የሚመጣ ነውና ዕረፍት አያሽረውም። ሥልጠና ይህን ቁስል ያድነዋል ብሎ ይህ ጸሐፊ አይዋሽም። ቢያንስ ሰውየው መጠኑን አውቆ ስለማሠቃየቱ እንዳይጠራጠር፣ ውሳኔውን ብቻውን እንዳይሸከም፣ ያዘነውም ደካማ ስለ ሆነ እንዳልሆነ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ይህም ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ ያገራችን አሮጌ በደል ትዝ ይለናል። ቆዳ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ከእንስሳ ደምና ቆዳ ጋር የሚሠራውን ሰው ጫማውን እያደረግን ማዕዱን ተጠይፈናል። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለው መጠለያ ውስጥ መርፌውን የሚይዘው ወይም እስር ቤት የመሰለውን በረት የሚጠርገው ሰው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ትምህርት ያልተሰጠው ነው። ኅብረተሰቡ ማየት የማይፈልገውን ሥራ ለእርሱ ይሰጥና በኋላ «እንዴት ይጨክናል» ይለዋል። ሥልጠናው ለእንስሳው ብቻ የሚደረግ ቸርነት የሚመስለው ይህን ይመልከት። ያልተማረ ሠራተኛ የታዘዘውን ያደርጋል። የተማረው ግን «ይህ ውሻ አይገደልም፤ ሦስት ቀን ስጡኝ» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሥልጠና እምቢ የማለት ሥልጣን ነው።

«ሰው በተራበበት አገር የውሻ ጠባቂ ማሠልጠን ቅንጦት ነው» የሚለውን ድምፅ ከወዲሁ እንሰማዋለን። አዲስ ድምፅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት በለንደን ለባዘኑ ውሾች መጠለያ ሲከፍቱ ጋዜጦች ተሳልቀውባቸዋል። ያ ቤት ባተርሲ በሚል ስም እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን የሌሎች መጠለያዎችን ሠራተኞችም ያሠለጥናል። እኛ ዘንድ ግን መልሱ ከለንደን መምጣት የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ የተነከሱ የድኻ ልጆች ናቸው። በሽታው የሚገታው በመርዝ ዘመቻ አይደለም፤ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን በመከተብ ነው። ውሻውን ሳያስደነግጥ የሚይዝ፣ ሲነከስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ እንዳለበት የሚያውቅ፣ እርሱ ራሱ አስቀድሞ የተከተበ ሠራተኛ ከሌለ ክትባቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። ዘመቻ እንወዳለን፤ ለአንድ ወር እንነሣሣለን። መጠለያ የሚፈልገው ዘመቻው ካለፈ በኋላ በዝናቡ ወር ሰኞ ጧት የሚመጣውን ሰው ነው።

በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ብዙ ሐኪሞች አፍርቷል። ሐኪሙ ያዘዘውን የሚፈጽመው፣ በረቱን የሚጠርገው፣ ምግቡን የሚያቀርበው ሰውስ የት ይማር? ለዚህ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። ከመጥረጊያና ከበረኪና ሊጀመር ይችላል። በሁለተኛው ቀን ተማሪው ከአጥሩ ውጭ በርጩማ ይሰጠዋል፤ ደብተርና እርሳስም ይይዛል። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዱን ውሻ ሳይነካ፣ ሳይጠራ፣ ሳያፏጭለት ይመለከታል፤ ጆሮው ምን እንዳደረገ፣ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደጣለ፣ ስንት ጊዜ እንዳዛጋ ይጽፋል። «አዘንኩለት» የሚል ዐረፍተ ነገር ከጻፈ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዝለትና ደብተሩን መልሶ ይሰጠዋል።