ባዶ የሚመስል መስመር

ቁይ ላይ በሁለት የጤፍ ማሳዎች መካከል ያለው ድንበር ሣር ብቻ የበቀለበት ነው። «ባዶ ነው» ብሎ በአንዲት ትልም የገፋበት ሰው ግን ድንበር ገፊ ይባላል፤ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። የዚያው ገበሬ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ መሪ ሲጨብጥና ለአውቶቡስ ብቻ ተብሎ በቀለም የተለየውን መስመር ሰንጥቆ ሲያልፍ «አራዳ» እንለዋለን። ለምን?

«መስመሩ ባዶ ነበር» ይለናል። ውድ አንባቢያን፣ ባዶ የተደረገው እኮ አውቶቡሱ ሳይቆም እንዲያልፍበት ነው። እሱን መብራት ሲይዘው ከኋላው ስልሳ ሰባ ሰው የጫነ አውቶቡስ አብሮ ይቆማል።

በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአጥርና በድልድይ ተለይቷል፤ የማንንም ሕሊና አይጠይቅም። ዳሬሰላምም በ2016 እ.ኤ.አ. ፈጣን አውቶቡሶቿን ስታስጀምር መንገዳቸውን በጠርዝ ለይታለች። ቀለም ግን የሚያስቆመው የሚያፍርን ሰው ብቻ ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ቢቀጣው ገንዘቡ ለመንግሥት ይገባል። የተሳፋሪው ጊዜስ? የሰው ሐቅ ባለቤቱ አፉ ካላለ እንደማይወርድ እናውቃለን። የወሰዱትን ብር ባለቤቱን ፈልጎ መመለስ ይቻላል፤ ከሥራ የዘገየችውን የጽዳት ሠራተኛ፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለፈባቸውን አዛውንት ግን የት አግኝቶ አፉ ይበሉኝ ይላል?

የሚኒባስ ሹፌሩን የዕለት ገቢ አስቸኮለው እንበል፤ ባያጸድቀውም። ጁምዓ እንዳያመልጠን ብለን በዚያው መስመር ላይ መኪና አቁመን የምንገባውስ? እኛ ሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመናል፤ ውጭ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል።