የአይጥ ዕዳ

በወጣቶች ጥናት ላይ የጂን ነገር ሲነሳ አንዱ ፈጥኖ «ይኼማ የእግዚአብሔርን ሥራ መነካካት ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሳይንስ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄውን ሳይሰሙት ዘጉት። እስቲ እናንተ ትንሽ ታገሱኝ።

በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሀንቲንግተን በሚባል በሽታ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ በአንድ ጂን ይተላለፋል፤ አንጎልን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ሰውየው እጅና እግሩን ማዘዝ ያቅተዋል። ተመራማሪዎቹ ሰውን የማያሳምም ትንሽ ቫይረስ ወስደው የራሱን ጂኖች አወጡበት፤ በምትኩ አጭር መልእክት ጭነው ወደ አይጦች አንጎል አስገቡት። ቫይረሱ እዚህ ላይ እንደ ጭነት አህያ ነው፤ ሸክሙን ሴሉ ውስጥ ያራግፋል። የታመመው ጂን አይፋቅም። ትእዛዙን ይዞ የሚወጣው አርኤንኤ ግን መንገድ ላይ ይቆረጣል፤ ጎጂው ፕሮቲንም ይቀንሳል። የአይጦቹ እንቅስቃሴ ተሻሻለ። (ይህን የመቁረጥ አሠራር በትንሽ ትል ላይ ያገኙት አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል።)

ቫይረስ ማጓጓዣ መሆኑ ካስደነገጣችሁ፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአገራችን መሰጠት የጀመረው የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባትም በሌላ ዓይነት ቫይረስ የተጫነ ነበር። ጂን ዝም አያሰኝም፤ የማጓጓዙ ሐሳብ ግን አንድ ነው።

ጌታ በሽተኞችን እየፈወሰ ሲዞር እያነበብን መድኃኒት ፍለጋን ኃጢአት ልንለው አንችልም። እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። እነዚያ አይጦች ሀንቲንግተን ከራሳቸው አልመጣባቸውም። የሰውን የታመመ ጂን ያስገባንባቸው እኛ ሰዎች ነን። ታመው እንዲወለዱ አድርገን፣ ከዚያ ልናክማቸው ሞከርን።

«እኛስ አይከል ጤፋችንን የሚጨርሱትን በመርዝ እንገድል የለ?» ትሉኝ ይሆናል። እንገድላለን። ነገር ግን የጎተራዋ አይጥ በራሷ እግር መጣች፤ ልታመልጥም ትችላለች። የላቦራቶሪዋ ምግቧም ሕመሟም ሞቷም ከእኛ እጅ ነው። ፍጥረትን ግዙ የተባለው ቃል እዚህ ላይ ሲሆን ከሥልጣን ይልቅ ተጠያቂነት ይመስለኛል። በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻ እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲናገር እንስሶቿን ሳይቀር ይቆጥራል፤ ነቢዩ ግን ስለ ደረቀችበት ቅል ይቆጣል!

በ1959 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያኑ ዊሊያም ራስልና ሬክስ በርች ለተመራማሪ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አስቀመጡ፦ ያለ እንስሳ መሥራት አይቻልም ወይ? ቁጥራቸውን መቀነስስ? ሥቃያቸውን ማቅለልስ? ከስብከት የሚበልጥ ርኅራኄ አለበት።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በከተማችን በኩል ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ ልጆች ወባና ካላዛር ያገኛቸዋል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ባህላዊ የመድኃኒት ዕፅዋት ወባ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ይፈተናሉ። ከእናንተ መካከል ፋርማሲ ለማጥናት የሚሄድ አለ። ያን ጊዜ ሠላሳ አይጥ ያስፈልጋል ሲባል፣ ሃያ ለምን እንደማይበቃ ጠይቁ። አሥር ይበቃል ካሏችሁም ጠይቁ፤ ውጤቱ የማይታመን ከሆነ አሥሩም የሞቱት በከንቱ ነው።