ስሟን ልቀይረው?

በሕይወት ስላለ ሰው የሚጽፍ ደራሲ የባለታሪኩን ስም መቀየር አለበት? በጋዜጦቻችንና በመጽሔቶቻችን መልሱ ከተለመደ ቆይቷል። ከአረብ አገር ተጎድታ ስለተመለሰች ሴት ወይም ስለተደፈረች ልጅ ሲጻፍ ከስሟ ጎን በቅንፍ «ስሟ የተቀየረ» ይባላል፤ አንባቢም አይቶ ያልፋል። እኔ ማለፍ ያቃተኝ የስደት ተመላሾችን ታሪክ በመጽሐፍ ለማሰባሰብ ስነሣ ነው። ከሪያድ የተመለሰች አንዲት ሴት የደረሰባትን ሁሉ ካጫወተችኝ በኋላ ስሟን እንደምቀይረው ብነግራት፣ «ለምን እህቴ? ከቀየርሽው ማን ያምነኛል?» አለችኝ።

ለመቀየር ያሰብኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የምትኖርበት ሰፈር ስለ አረብ አገር ተመላሾች የሚያወራውን አውቃለሁ። ገና ሥራ ትፈልጋለች፣ ትዳርም ትመኛለች። ዛሬ በንዴት የፈቀደችውን ነገ ብትጸጸትበት፣ የታተመ መጽሐፍ ተመልሶ አይሰበሰብም። እንግዲህ ልጠብቃት ነው። ግን ከማን? በማያውቋት አንባቢዎች ዘንድ ስሟ ምንም አይጎዳትም፤ ለእነሱ የትኛዋም ሴት ናት። የሚያውቋት ደግሞ ስሟን ብቀይረውም የሄደችበትን ዘመን፣ የተሰበረ እጇንና የወንድሟን ነገር አንብበው በሁለተኛው ገጽ ላይ ይለዩዋታል። ታዲያ ሊጎዷት የሚችሉት እነዚሁ የሚያውቋት አይደሉም?

ይህን ይዤ የእውነተኛ ሰዎችን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍትን መመርመር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያነሣሁት የኖርዌያዊቷን ጋዜጠኛ የኦስነ ሳየርስታድን «የካቡሉ መጻሕፍት ሻጭ» ነው። ደራሲዋ በ2001 መገባደጃ (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ታሊባን ሲባረር ካቡል ገባች፤ ከአንድ መጻሕፍት ነጋዴ ጋር ተዋወቀች፤ ከቤተሰቡም ጋር ለወራት ኖረች። በ2002 በወጣው መጽሐፏ ሻህ መሐመድ ራይስ የተባለውን ሰው «ሱልጣን ኻን» አለችው። ነገር ግን ካቡል ውስጥ ስመ ጥር የመጻሕፍት መደብር የነበረው፣ በኮሚኒስቶቹ ዘመን የታሰረ፣ መጻሕፍቱን ታሊባን ያቃጠለበት ሰው ስንት ነበር? ስሙ ተቀየረ እንጂ ሰውየው አልተቀየረም። በእኛም አገር በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም ልብ ወለድ ነው ብሎ፣ ስም ቀይሮ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ግን ራሳቸውን ለይተው አወቁ፤ እሱም በዓመቱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ራይስ መጽሐፉን አነበበው፤ ተቆጣ፤ ኖርዌይ ድረስ ሄደ፤ የራሱንም መልስ በመጽሐፍ ጻፈ። ሁለተኛ ሚስቱ የግል ሕይወቴ ተነክቷል ብላ ባቀረበችው ክስ የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2010 ካሳ ፈረደላት፤ በ2011 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከፍርዱ በፊት ያለው ነው። ራይስ መልስ ሊሰጥ የቻለው መጻሕፍት ሻጭ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ያነብባል፣ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት ይችላል፣ ከጋዜጠኛ ጋር ተከራክሮ ያውቃል። በመጽሐፉ ውስጥ ገመናቸው ይበልጥ የተገለጠው ግን የቤቱ ሴቶች ናቸው። ደራሲዋ በውስጣቸው ያለፈውን ሐሳብ ሳይቀር እንደ ልብ ወለድ ትተርከዋለች፤ እሷ ራሷ ከትረካው ጠፍታለች። ምኞቱ የተጻፈበት ሰው ጽሑፉን ማንበብ ካልቻለ፣ ስሙ ቢቀየርስ ባይቀየርስ ምን ይጠቅመዋል?

በዚህ ላይ እያለሁ የረቤካ ስክሉትን በ2010 የወጣ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ሐሳቤን ወደ ሌላ አቅጣጫ የወሰደው እሱ ነው። ሄንሪዬታ ላክስ የአምስት ልጆች እናት የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማኅፀን በር ካንሰር ስትታከም ሐኪሞች ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ቁራጭ ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች። ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች የሰውን ሕዋስ ከሰውነት ውጭ ለማኖር ሞክረው ሁሉም እየሞተባቸው ነበር። የእሷ ሕዋሳት ግን በየቀኑ እየተባዙ ቀጠሉ። ከስሟና ከባሏ ቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደላት «ሂላ» ተብለው በዓለም ቤተ ሙከራዎች ተሠራጩ፤ የፖሊዮ ክትባት የተፈተሸው በእነሱ ነው፤ ኩባንያዎች እያባዙ ሸጧቸው።

ጋዜጠኞች የሕዋሳቱ ባለቤት ማን ናት ብለው ሲጠይቁ «ሄለን ሌን» የሚል ስም ወጣላቸው። እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም። ትክክለኛው ስም እስከ 1971 ድረስ በኅትመት አልታየም፤ ባሏና ልጆቿም ሕዋሳቱ በሕይወት እንዳሉ የሰሙት ከሞተች ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። የበሽተኛን ስም መሸሸግ የሕክምና ወግ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሄለን ሌን የሚለው ስም የላክስን ቤተሰብ ከምን ጠበቀ? ማንም አላስቸገራቸውም ነበር፤ የሚያውቃቸውም አልነበረም። ስሙ የጠበቀው ሳያስፈቅድ የወሰደውን ወገን ነው። ቤተሰቡ እንዳይጠይቅ፣ ጋዜጠኛም ቤተሰቡን እንዳያገኝ አደረገ።

እውነተኛው ስም መውጣቱ ብቻውንም ደግ ነገር አላመጣም። በሰማንያዎቹ በወጣ ሌላ መጽሐፍ የሄንሪዬታ የሕክምና መዝገብ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ታተመ፤ ልጇ ዴቦራ የእናቷን ሥቃይ ዝርዝር ያነበበችው ከዚያ ነው። ስክሉት የዴቦራን እምነት ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባታል፤ መዝገቡንም አብረው ነው የፈተሹት። ዴቦራ መጽሐፉ ከመውጣቱ ከወራት በፊት በ2009 ሞተች። በ2013 የሕዋሳቱ የዘር ካርታ እንደገና ያለ ፈቃድ ሲታተም ግን ቤተሰቡ በስሙ ቆሞ ተከራከረ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም መረጃውን ማን ይይ የሚለውን በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ የቤተሰቡ ተወካዮች እንዲገቡ ተስማሙ። በ2023 ቴርሞ ፊሸር ከተባለው ኩባንያ ጋር በክስ ተከራክረው በስምምነት ጨረሱ። ይህ ሁሉ በሄለን ሌን ስም ሊሆን አይችልም ነበር። የሌለችን ሴት ማን ይወርሳታል?

እዚህ ላይ ልቤ ወደ አንድ ወገን አጋደለ፤ ስም ይጻፍ ወደሚለው። ወዲያው ግን የራሳችን ታሪክ ተቃወመኝ። ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ የሚናገሩት አሽከሮችና ሹማምንት በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው የሚታዩት። ስማቸውን መጻፍ ነበረበት? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በአንድ ሌሊት ተረሽነዋል። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ለውጭ ጋዜጠኛ ያወራን ሰው በሙሉ ስሙ ማተም ለጥይት አሳልፎ መስጠት ነበር። ያ ፊደል እውነተኛ ጋሻ ነው፤ እኔም ብሆን እንደሱ አደርግ ነበር።

ይሁንና ያው ጋሻ ደራሲውንም ከለለው። መጽሐፉ የንጉሡ ትንሽ ውሻ የመኳንንቱን ጫማ ስታረጥብ በጨርቅ እየተከተለ የሚያደርቅ ሎሌ ነበር ይላል፤ ንጉሡ ንባብ የሚባል ልማድ አልነበራቸውም ይላል። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ስለጻፉ ንጉሥ የተባለ ነው! አማርኛ የሚያውቁ ተቺዎች በሹማምንቱ አፍ የተቀመጡት የማዕረግ አጠራሮች በቋንቋችን እንደሌሉ ተናግረዋል። ተናጋሪውን ፈልጎ እንዲህ ብለሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም፤ አንድ ፊደል አይጠየቅም። የፖላንድ አንባቢ መጽሐፉን የራሱን ገዥዎች እንደሚያሳይ ምሳሌ አነበበው፤ ለእሱ ሎሌው ኖረ አልኖረ ልዩነት አልነበረውም። ለእኛ ግን አባቶቻችን ናቸው።

ካትሪን ቡ በ2012 ባወጣችው መጽሐፍ ሌላውን መንገድ መርጣለች። በሙምባይ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለውን የአናዋዲን ድሃ መንደር ዓመታት ተመላልሳ አይታ፣ ነዋሪዎቹን በእውነተኛ ስማቸው ጻፈች፤ የነገሯትንም ከፖሊስ፣ ከሆስፒታልና ከፍርድ ቤት መዛግብት ጋር አስተያየች። እዚያ ስሙ የደራሲዋ ዋስ ነው፤ ከዋሸች የምትያዝበት።

እንግዲህ ስም ሁለት ሥራ አለው። ለጠላት ያጋልጣል፤ ባለቤቱም ተነሥቶ «እኔ ነኝ፣ ይህ ሐሰት ነው» ወይም «ይህ እውነት ነው» እንዲል ያስችለዋል። ስለዚህ ጥያቄው መቀየር ወይም አለመቀየር ሳይሆን፣ በዚህ ሰው ላይ አሁን የሚከብደው የትኛው ነው የሚለው ሆነብኝ። በቤተ መንግሥቱ ሎሌ ላይ የከበደው ጥይቱ ነበር። በእሷ ላይስ?

ከሪያድ የተመለሰችው ሴት ስሟን ለማትረፍ የምትታገልበት ምክንያት አላት። እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ ተጓዦች ፓስፖርቷ የወጣው እናቷ ባላወጣችላት የእስላም ስም ነው፤ ደላላው ቪዛው እንዲፈጥን ብሎ። አሠሪዋ እመቤት ደግሞ እሱንም ትታ በሚቀላት ስም ትጠራት ነበር። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ እሷም ከእነሱ አንዷ ሆና ቦሌ ደረሰች፤ በተመላሾች መዝገብ የሠፈረችው በፓስፖርቱ ስም ነው። ያልተከፈላት ደመወዝ፣ የተሰበረው እጇ፣ የሁለት ዓመት ድካም ሁሉ የተመዘገበው በሌላ ሴት ስም ነው። እኔ ሦስተኛ ስም ላወጣላት ነበር። «ማን ያምነኛል?» ያለችው ይህን ሁሉ አውቃ ነው።

የእሷን ነገር በዚህ ቆረጥኩ፤ የቀረኝ የወንድሟ ነው። የላከችው ገንዘብ የገባው በእሱ የባንክ ደብተር ነው፤ ስትመለስ የጠበቃት ባዶ ደብተር ነበር። ያለዚህ የመመለሷ ታሪክ አይቆምም። ስሟን ከአባቷ ስም ጋር ስጽፍ ግን እሱንም ጻፍኩት ማለት ነው፤ አባታቸው አንድ ነው። እሱ ምንም አልፈቀደልኝም። ያደረገባት ነገር የእሷ ታሪክ ነው፤ ሳይጠየቅም ሊነገር ይገባዋል። የጠጪነቱና የትዳሩ ነገር ግን ብሰማውም የእሷ አይደለም፤ ከረቂቁ አወጣሁት። በገንዘቡ ላይ የሚለው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ቤት እናድስበት ብለን ነው ይል ይሆናል፣ የእናታችን ሕክምና ጨረሰው ይል ይሆናል። ራይስ ያን መልሱን ለማሰማት ኖርዌይ መሄድና ሌላ መጽሐፍ መጻፍ አስፈልጎታል። የእኔ ባለታሪክ ወንድም ያለው ሁለት አውቶቡስ ርቀት ላይ ነው፤ መጽሐፉም የሚወጣው በሚያነበው ቋንቋ ነው። ምዕራፉን መጀመሪያ ለእሷ አነብላታለሁ፣ ቀጥዬ ለእሱ፤ የሚመልሰውንም እዚያው ገንዘቡ በተነሣበት ገጽ ላይ በራሱ አነጋገር አስገባለሁ። እምቢ አልናገርም ካለ እምቢ ማለቱን እጽፋለሁ። ስሟን ግን አልነካውም።