ጨዋታን ሙያ ማድረግ

ሰው እንጀራውን ከምን ዓይነት ሥራ ቢያገኝ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ዘመን በራሱ መልክ እንደገና ያነሣዋል። በእኛ ዘመን ጥያቄው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ቤት ሳይቀር የሚገባበት አዲስ መልክ አግኝቷል፤ ይኸውም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ ልጅ «የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪ መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ነው። አባት የሚሰጠውን መልስ መገመት አያዳግትም፤ «ጨዋታ ደግሞ ሥራ ነው?» ይላል። ይህን የአባት ቃል አለማወቅ የወለደው ነው ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው የደጋ መሬት አፈሩ ታጥቦ ሳስቷል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የስማዳ ቆላ ደግሞ ዝናብ ሲቀርበት ሌላ መጠጊያ የለውም። እንዲህ ባለ አገር ልጅን ማስተማር የደብተርና የልብስ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ከብት የሚጠብቅና በአረም የሚያግዝ እጅም ከቤት ይጎድላል። ስለዚህ አባት «ጨዋታ ሥራ ነው?» ሲል «ይህን ያህል የደከምንበት ነገር ለማን ሊተርፍ ነው?» ማለቱ ነው። ጥያቄው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመሠረቱ ጨዋታ ራሱ በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ቋንቋችን ይመስክር፦ እንግዳ ቤት ሲገባ «ተጫወት» ይባላል፤ ቁም ነገርን በለዛ የሚያቀርብ ሰው «ጨዋታ ዐዋቂ» ተብሎ ይከበራል። እረኛው መሬት ምሶ ጠጠር እየቆጠረ ገበጣ ይጫወታል፤ በዚያውም ስሌት፣ ትዕግሥትና የባላጋራን ሐሳብ አስቀድሞ መገመት ይማራል። መኳንንቱ ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት ማሳተሙም ጉዳዩ ለምሁራን ጭምር ቁም ነገር እንደነበረ ያሳያል። እንግዲህ ጥያቄው «ጨዋታ ዋጋ አለውን?» የሚል አይደለም። መጫወት አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታን መሥራት ግን ሌላ ነው። ልጁም አባቱም ይህን ልዩነት አጥርተው ሊያዩት ይገባል።

ጨዋታ መሥራት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አንድ ምሳሌ እናንሣ። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን ጨዋታ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ አቀረበው። የስሌቱን ትእዛዝ የጻፈው፣ ሥዕሉን የሣለው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ታሪኩንም ያዘጋጀው እርሱ ነው። ጨዋታው ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። የሚገርመው ግን የጨዋታው ጉዳይ እርሻ መሆኑ ነው፤ መሬት ማለስለስ፣ ዘር መዝራት፣ ወቅት መጠበቅ። በየከተማው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሚሊዮኖች ለመዝናናት ገንዘብ ከፍለው የሚቀምሱትን ይህን ኑሮ የእስቴ ልጅ ከነጣዕሙና ከነመከራው ያውቀዋል። ሥራውን ቢማር የሚናገረው ነገር አያጣም ማለት ነው።

ለረጅም ትምህርት መታገሥም ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ሊቃውንትን ያፈሩት በጋይንት ምድር ነው። የቆሎ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ በጎጆ እያደረ፣ የሚማረውን መጽሐፍ በገዛ እጁ እየገለበጠ ዓመታት ያሳልፋል፤ መምህሩ ሳይመሰክሩለትም «ዐወቅሁ» አይልም። ይህን ማንሣታችን ቅዱሱን ዜማና የመዝናኛ ጨዋታን እኩል ለማድረግ አይደለም፤ ሙያ ሙያ የሚባለው በፍላጎት ብዛት ሳይሆን በመምህር ፊት በተፈተነ ችሎታ መሆኑን ያ ምድር ከጥንት ጀምሮ እንደሚያውቅ ለማስታወስ ነው። ጨዋታ መጫወት ስለወደደ ብቻ ጨዋታ ሠሪ እሆናለሁ የሚል ልጅ፣ ማኅሌት መስማት ስለወደደ ብቻ መሪጌታ ልሁን እንደሚል ሰው ነው።

በአገራችንም መንገዱን የጀመሩ አሉ። ዳዊት አብርሃም አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው «ቅኔ ጌምስ» እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ ሊያርዳት ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ታሪክ ነው። ቀጥሎም ገበጣን ራሱን ወደ ስልክ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌሎች የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪዎች ጋር «ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ» በተባለው ኅብረት ተሰባስቧል። ጅምሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም የእረኛው ጠጠር ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ስልክ መግባት እንደሚችል በተግባር አሳይቷል።

ይሁን እንጂ የሙያውን ብርሃን ብቻ አሳይቶ ጥላውን መሰወር ወጣቱን መሸንገል ይሆናል። በዓለም ላይ በዓመት ከ150 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚዘዋወርበት ይህ ኢንዱስትሪ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ብቻ ከ20,000 የማያንሱ ሠራተኞቹን አሰናብቷል። የድካም ፍሬም ሁልጊዜ ለደካሚው አይደርስም፤ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የፈጠረው «ቴትሪስ» ዓለምን ሲያዳርስ፣ ፈጣሪው የሽያጭ ድርሻ ማግኘት የጀመረው በ1996 ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ ከብቱ እህል ከገባም ተጫዋቹ ጥሎት ይነሣል። ዛሬ ከሚሠሩት ጨዋታዎች መካከል ግን ሆን ተብሎ እንዳያልቁ የተደረጉ አሉ። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ እያስገዙ ሕፃናትን ከቁማር ጋር የሚያለማምዱም አሉ፤ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ በቁማር ሕጓ ከልክላለች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጨዋታ ልማድን አስገብቶታል። ስለዚህ «ጨዋታ ሥራ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራናል፤ «ይህ ጨዋታ ለተጫዋቹ ምን ይሰጠዋል? ምንስ ይወስድበታል?»

በእኛ አስተያየት ፍርዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ጨዋታ ሠሪ ኅሊና መመዘኛው ሩቅ አይደለም፤ የእጁን ሥራ ከብት ለሚጠብቀው ታናሽ ወንድሙ ሳያፍር ይሰጠዋልን? ከሰጠው፣ ወንድሙ ተጫውቶ ሲነሣ ተደስቶ፣ አንድ ነገር ዐውቆ፣ ጊዜውንም ገንዘቡንም ሳይዘረፍ ከሆነ፣ ያ ሥራ ከአናጢውና ከሸማኔው ሥራ የሚያንስበት ምክንያት የለም። የወንድሙን ጊዜ ለመስረቅ የተሠራ ከሆነ ግን ደመወዙ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ አባት በሬ ሸጦ ያስተማረው ለዚህ አልነበረም።

ልጁ ለአባቱ ያለበት ዕዳም ሀብት እንደሚያመጣ መማል አይደለም፤ እውነቱን መናገር ነው። ሙያው ረጅም መሆኑን፣ ሲሳዩ ዋስትና እንደሌለው፣ እስኪጠና ድረስም የኮምፒዩተር ጥገናን ወይም ሌላ እንጀራ የሚያበላ ሥራ ጎን ለጎን መያዝ እንደሚያስፈልግ ሊነግረው ይገባል። ኅብረተሰቡም የበኩሉ ዕዳ አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የሥልጠና መርሐ ግብር ሲጀመር፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ለወራት ተቋርጦ የቆየ ነበር። ጥሪው ለሁሉም ቢደርስም መንገዱ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። መብራትና መስመር በሌለበት ወጣቱን «ለምን አልሠለጠንህም?» ብሎ መውቀስ አይቻልም።

እንግዲህ መምህሩ ገበጣን ለሒሳብ ትምህርት ይጠቀምበት፤ ሠዓሊውና ደራሲው ይህን ሙያ እንደ ባዕድ ከማየት ይልቅ ሥዕላቸውንና ታሪካቸውን ይዘው ይግቡበት፤ የሥራ ኃላፊውም ወጣቱ የሚሞክርበትን ስፍራ ያመቻች። አባት ደግሞ ጥያቄውን አያቋርጥ። «ለማን ሊተርፍ ነው?» የሚል ሰው በቤቱ ያለ ጨዋታ ሠሪ ከማንም የተሻለ መምህር አለው።